ዳክዬዎቹ የሚያውቁት ካፖርት

ለባሌ ወንድም፣

ይህ ወረቀት በእጅህ ሲገባ ጤናህ እንዴት ሆኖ ይሆን? ጉልበትህ ይታዘዝሃል ወይ? ዓይንህስ ያነባል? የምሥራቁ ዳርቻ ክረምት ዘንድሮ ከብዷል ሲሉ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። የአየር ጠባይ በሚነገርበት ሰዓት የእናንተ ወደብ ስም ሳይጠራ ሬዲዮውን አልዘጋም። ልማድ ሆኖብኛል። እኔ ከእርጅና በቀር የሚያመኝ የለም። በጎቹም ክረምቱን ተሻግረዋል። አንዲቱ ብቻ ባሕሩ ሲሸሽ የባሕር ሣር ልትበላ ወርዳ ውኃው ቀደማት። ቤቱ እንዳለ ነው። ጣሪያው በአንድ በኩል ዝጓል፤ ቀለም የሚቀባው ሰው የለም።

ስልክ እንዳለ አውቃለሁ። ልጄ አልዲስ ቁጥርህን አፈላልጋ ሰጥታኛለች። አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። በወረቀት ሲሆን ሰው መሃል ላይ ዝም ቢል አይታወቅበትም።

ወንድምህ አስግሪም ካረፈ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ስሙ በሬዲዮ ሲነበብ እንደሰማህ አልጠራጠርም፤ የሙታን ስም ሳይሰማ ምሳውን የሚጨርስ የአገራችን ሰው የለም። ለቀብር አልመጣህም። አልተቀየምኩም። በቤተ ክርስቲያኑ የፊት ወንበር ላይ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ትተን ነበር። የጀልባው ሰው ኢንጊማር እርጥብ ቆቡን አስቀመጠበት፤ እኔም አላነሳሁትም።

አሁንም አነባለሁ። ድሮ ከሸለቆው ለአገልጋይነት ስመጣ ከመዝሙር መጽሐፍ በቀር ፊደል አላውቅም ነበር፤ ይህን ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሄድክ በኋላ በአሮጌ መጽሔቶች ላይ ያሉትን ሥዕሎች እያየሁ ዴንማርክኛ ለመድኩ፤ ያስተማረኝ ሰው የለም። ሰሞኑን ያነበብኩት ስለ አይስላንድ ምድር ነው። አገራችን በሁለት ታላላቅ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ ተቀምጣለች፤ አንዱ ወደ ምዕራብ ሌላው ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ በስንጥቁ እሳት እየወጣ ክፍተቱን ይሞላዋል ይላል። እኛ በምዕራቡ ላይ ነን፣ አንተ በምሥራቁ ላይ። ፍጥነቱ ጥፍር ከሚያድግበት አይበልጥም። እንደዚያ ከሆነ አንተ ከሄድክ ወዲህ በመካከላችን አገሪቱ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ሰፍታለች። ብዙ አይደለም።

አሁን ስለ ካፖርትህ ልንገርህ።

በጀልባ ማስቀመጫው ውስጥ ከምስማሩ ላይ ሰቅለኸው ሄድክ፤ ያን ግራጫውን፣ የላይኛው ቁልፉ የጎደለውን። አንተ በሄድክ በማግሥቱ ዓመት፣ በግንቦት፣ ጎጆ ሊሠሩ የሚመጡት የባሕር ዳክዬዎች ጥቂት ሆነው መጡ። ከባሕሩ ዳር ተንሳፈፉ እንጂ አልወጡም። አስግሪም የዝናብ ልብሱን ለብሶ ወደ ዳር ሲወርድ ሁሉም ተነሥተው ወደ ጥልቁ ሄዱ። ሁለተኛም ሞከረ፤ እንደዚያው ሆነ። ከዚያ አንድ ጠዋት የእርጎ ሳህን እያጠብኩ በመስኮት ሳይ አንተ በሜዳው ላይ የምትሄድ መሰለኝ። ሳህኑን አስቀመጥኩ። አስግሪም ነበር። ትከሻው ከአንተ ሰፊ ስለሆነ የካፖርቱ ስፌት ተወጥሯል። ቀስ ብሎ፣ አንተ እንደምትሄደው ወደ ጎን እያዘነበለ ይሄዳል። ዳክዬዎቹ አልተነሡም። ማታ ሲገባ፣ «ያውቁታል» አለኝ። 

ከዚያ ወዲህ በየግንቦቱ ለበሰው። ስምህን ግን አልጠራም። የጎጆው ወራት ሲያልቅ፣ «በይ ካፖርቱን ስቀዪው» ይለኛል፤ እኔም እሰቅለዋለሁ። ክርኑን በበግ ቆዳ ጠገንኩት። ገበሩን ሁለት ጊዜ ለወጥኩት። ከመጀመሪያው ጨርቅ የቀረው ጀርባውና ኮሌታው ብቻ ነው። ዳክዬዎቹ ይህን አይቆጥሩም። ዛሬ በራችን ሥር፣ በተገለበጠው ጀልባ ሆድ ውስጥ፣ አጥሩን ተጠግተው እንደ ድሮው ይተኛሉ። እናቲቱን በቀስታ ቀና አድርጌ፣ ከደረቷ ነጭታ ካነጠፈችው ላባ እኩሌታውን እወስድና በምትኩ ደረቅ ድርቆሽ አስገባላታለሁ። ታየኛለች፤ ትታገሠኛለች። እጄን የነከሰችኝ አንዲት ዕድሜዋ የገፋ ብቻ ናት፤ እሷንም ጎጆዋን ስታነጥፍ አስቸግሬያት ነበር።

ከእኛ በስተምዕራብ ያሉትን ደሴቶች ታስታውሳቸዋለህ። ሰዎቹ ወደ ከተማ ሄዱ። እዚያ የነበሩትን ጎጆዎች መጀመሪያ ቁራ፣ ከዚያ ጅራተ ነጩ ንስር ጨረሳቸው። አሁን ባሕሩ በድንጋይ ምሰሶዎቹ መካከል ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው የሚሰማው። ዳክዬ ሰው ያለበትን ይመርጣል፤ ሰው ከሌለ ሌላው ሁሉ ይበላዋል። ስለዚህ አልዲስ፣ «እማዬ፣ ይብቃሽ፤ ሬይክያቪክ ነይና ሞቆሽ ተቀመጪ» ስትለኝ የምትለው ስለ እኔ ብቻ አይደለም። እሷ ግን ስለ እኔ ብቻ የምትናገር ይመስላታል።

አልዲስ ባለፈው ሰኔ ልትረዳኝ መጣች። ቀይ ጃኬት ለብሳ። «በዚህ አትውጪ» አልኳት። «እማዬ፣ ዳክዬ ስለ ፋሽን ምን ያውቃል?» አለችኝ። «ሂጂና ጠይቂያቸው» አልኳት። በሩን ከፍታ ስትወጣ ሜዳው በሙሉ ተነሣ። የክንፉ ድምፅ ሳህኖቹን አንቀጫቀጨ። አብዛኞቹ ማታ ተመለሱ፤ ያልተመለሱትን እንቁላል ቁራዎቹ ወሰዱ። አልዲስ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ጃኬቱን አውልቃ ታቅፋዋለች። «አባዬ ቢኖር ይገድለኝ ነበር» አለች። «አባትሽ ለዳክዬ ብሎ ሰው አይቀጣም» አልኳት። ከዚያ ያልኩትን ራሴ ሰማሁት።

ዘንድሮ በረዶው ተመለሰ። ይህን ለመንገር ነው እስካሁን የዞርኩት።

በየካቲት በእኛ ደሴትና ማዶ በዋናው ምድር ባለው በክሌይፋር መካከል ያለው ሰርጥ ረግቶ በረዶ ሆነ፤ ከዚያ ከታላቁ በረዶ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አመጣጡን ታውቀዋለህ። መጀመሪያ ውኃው እንደ ገንፎ ይወፍራል፣ ከዚያ የባሕሩ ድምፅ ይቆማል። የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው። ካፖርትህን ለብሼ ወጣሁ። በሰሜን በኩል፣ በገደሉ የድንጋይ ምሰሶዎች ሥር አድርጌ ዳሩን ዞርኩ። በየምሽቱ ዞርኩ። በረዶ ባለ ጊዜ ቀበሮ እንዳይሻገር ዳሩን የሚዞር ሰው እንደሚያስፈልግ ማንም ሊያስታውሰኝ አይገባም። ነገር ግን አርጅቻለሁ፤ አንዳንዱን ሌሊት እግሬ እምቢ አለኝ።

አንድ ንጋት ላይ ዱካውን አገኘሁት። ከበረዶው ላይ ወጥቶ፣ በክር እንደተሰፋ ቀጥ ብሎ፣ በጀልባ ማስቀመጫው ጥግ አልፎ ወደ ምሰሶዎቹ ስንጥቅ ይገባል። የሚመለስ ዱካ የለም። በሳምንቱ የደቡብ ነፋስ መጣና በረዶውን ሰብሮ ወሰደው። ቀበሮዋ ከእኛ ጋር ቀረች።

አልጠላትም። ሰው ወደዚህ አገር በጀልባ ከመምጣቱ በፊት በእግሯ በበረዶ ላይ የመጣች እንስሳ እሷ ብቻ ናት፤ በጉንም ፈረሱንም ያመጣነው እኛ ነን። አሁን ነጭ ጸጉሯ እየረገፈ ቡናማ ሆኗል፤ በድንጋዩ ላይ ተኝታ አጠገቧ ብታልፍ አታያትም። እኔ ያየኋት አንድ ቀን ነው፤ ፍል ውኃው ባለበት በኩል ተቀምጣ ባሕሩን ትመለከታለች። ባሕሩ ላይ ደግሞ ዳክዬዎቹ መሰብሰብ ጀምረዋል። ሁለታችንም የምናየው እነሱን ነበር።

የመጀመሪያው የፖስታ ጀልባ ከፋሲካ በኋላ መጣ። አልዲስ ለበዓሉ በክሌይፋር ሰዎች ጀልባ መጥታ እዚሁ ነበረች። ኢንጊማር ዱቄትና ፖስታ አውርዶ ለምሳ ተቀመጠ። ደረቅ ዓሣና ቅቤ፣ በፍል ውኃው ጉድጓድ የጋገርኩትን የአጃ ዳቦም አቀረብኩለት። ስለ ቀበሮዋ ነገርኩት።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ። «ሁለት ጠመንጃና የክሌይፋርን ውሾች ይዤ እመጣለሁ። በአንድ ቀን ጨረስናት።»

«ዳክዬዎቹ ዳር ደርሰዋል» አልኩት።

«ታዲያ ምን ይሁን? ቁጭ ብለሽ ልትመክሪያት ነው?»

አልዲስ ሳቀች። ኢንጊማር ሰው ሲስቅለት ማቆም አያውቅም፤ አባቱም እንደዚያ ነበሩ። ቅቤውን በዓሣው ላይ እየቀባ፣ «ለመሆኑ ዘንድሮ ዘበኛው ማን ነበር?» አለ። «የአስግሪም ወንድም ከምሥራቅ መጥቶ እዚህ ተኝቶ ነበር እንዴ?»

ምናልባት አታውቅ ይሆናል፤ በታላቁ በረዶ ዓመት በዘብህ ሌሊት ተኝተህ ቀበሮ አስገባህ ከተባለ ወዲህ፣ እስከ ዛሬ በዚህ ባሕረ ሰላጤ አርፍዶ የሚነሣን ሰው በአንተ ስም ይጠሩታል። ልጆች ሲያረፍዱ እናቶቻቸው፣ «ተነሥ፣ ቀበሮ ገባ» ይሏቸዋል። አልዲስም በልጅነቷ እንደዚህ እየተባለች ነው የተነሣችው። እኔ ብያት አላውቅም፤ አስግሪምም ብሏት አያውቅም። በትምህርት ቤት ሰምታ መጣች።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ዳቦ እየቆረጥኩ ነበር። «ቀበሮዎቹ በገቡበት ሌሊት በዚህ ቤት የተኛችው አልዲስ ብቻ ናት» አልኩ።

ኢንጊማር ማኘኩን አቆመ። አልዲስን አየ፣ ከዚያ ቢላውን አየ። ዳቦውን ቆርጬ ጨረስኩና ከፊቱ አስቀመጥኩ። እጁን አልዘረጋም። ቆቡን አንሥቶ፣ «ነፋስ ሳይነሣ ልሂድ» አለ። ነፋስ አልነበረም፤ ባሕሩ እንደ መስታወት ተዘርግቶ ነበር።

ሌላ ነገር ለመጨመር ጊዜ ነበረኝ። መጽሐፍ እያነበብክልኝ ነበር ማለት እችል ነበር። በደቡብ ከባሕር ስለወጣችው አዲስ ደሴት፣ ገና ትኩስ በሆነችው አሸዋ ላይ መጀመሪያ ስለ ደረሰችው ዝንብ፣ ከዚያ ስለ በቀለው ተክል። ፋኖሱ በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ነበር ማለት እችል ነበር። አንተ እጅህን ልታሞቅ ብቻ እንደገባህ፣ «አንድ ገጽ ብቻ ጨምር» ያልኩት እኔ እንደሆንኩ። አልጨመርኩም። የቀረውን ራሳቸው ይሙሉት። እስከ ዛሬ በአንተ እንቅልፍ ሲሞሉት ኖረዋል። ኢንጊማር ፖስታ የማያደርስበት ቤት የለም፤ ይህ ደብዳቤ አንተ ዘንድ ሲደርስ በሁለቱም ዳርቻ ያልሰማ ሰው አይኖርም።

ጠዋት ላይ በዱካው አጠገብ የሆነውን አልጽፍልህም። አስግሪም የት እንደነበርክ ሲጠይቅህና አንተ «ተኛሁ» ብለህ ስትመልስ እኔ የገንፎ ማንኪያ ይዤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር፤ ማንኪያው ዛሬም አለ። ስለ ጠመንጃዎቹ ግን ልጻፍልህ፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ አንተ በጀልባው ሄደሃል። «በጎጆ ወራት አትተኩሱ» ብለህ ነበር። «የተኛ ሰው ድምፅ የለውም» ብሎ መለሰልህ። ከሦስት እርሻ ሰዎች ውሾቻቸውን ይዘው መጡ። ቀበሮዎቹ የበሉት በሰሜን ዳር ያሉትን ጎጆዎች ነበር። የቀረውን ሜዳ ያጠፋው ተኩሱ ነው። ተኩሱ ሲቆም አስግሪም ሁለት ቀበሮ በጅራታቸው አንጠልጥሎ ባዶው ሜዳ መካከል ቆመ፤ እስኪመሽ አልገባም። ጠመንጃውን ለኢንጊማር አባት ሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ በዚህች ደሴት ተተኩሶ አያውቅም። ሰዎች ግን ዳክዬዎቹ ለምን እንደሄዱ ሲጠየቁ የሚጠሩት የአንተን ስም ነበር። እሱም አላረማቸውም። እኔም አላረምኳቸውም።

ኢንጊማር ከሄደ በኋላ አልዲስ ሳህኖቹን አጠበች። ረጅም ጊዜ አጠበቻቸው። ፊቷን ሳትመልስ፣ «አባዬ ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

ለእሷ የነገርኳትን ለአንተም እነግርሃለሁ። በመጨረሻው መኸር፣ አልጋው ወደ ሳሎን ከወረደ በኋላ፣ የባሕሩን ጨው ከመስኮቱ መስታወት ላይ እየጠረግሁ ነበር። የተኛ መስሎኝ ነበር። «በበረዶው ዓመት ከክሌይፋር ሆኜ ያን መስኮት አየሁት» አለ። እጄን አላቆምኩም። «ድርቆሹን ጭኜ ሌሊቱን እዚያ አደርኩ፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ውጭ ወጣሁ። በበረዶ ላይ ብርሃን ሩቅ አይመስልም። ሲነጋ ነው የጠፋው።» ከዚያ ውኃ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ጠጥቶ ሲጨርስ፣ «ካፖርቱን እንዳትጥዪው» አለኝ። «አልጥለውም» አልኩት። በጋብቻችን ዘመን ስለዚህ ነገር የተነጋገርነው ይህን ብቻ ነው።

አልዲስ ይህን ሰምታ ጨርቁን ጨምቃ ሰቀለችው። «እያወቀ ነው አጎቴን የጠየቀው ማለት ነው» አለች። «ጠይቆታል» አልኳት። እሷ ብልህ ልጅ ናት። በማግሥቱ ቀዩን ጃኬቷን ሳትለብስ፣ በእኔ አሮጌ ሹራብ ወጥታ የጀልባ ማስቀመጫውን በር አስተካከለች፤ ያልጠየቅኋትን ሥራ ነው የሠራችው። ከተማ ስትመለስ በጉንጬ ላይ ሳመችኝ፤ ስለ ሬይክያቪክ ግን ምንም አላነሣችም።

አሁን የምለምንህ ይህን ነው። ዳክዬዎቹ ወደ ሜዳው የሚወጡት ግንቦት ሲጋመስ ነው። ኢንጊማር መልስህን ሳይዝ ጠመንጃ እንዳያመጣ ቃል አስገብቼዋለሁ፤ ዓይኔን ማየት ስላልፈለገ ቶሎ እሺ አለ። ቀበሮዋ የምትተኛበትን ቦታ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ምሰሶዎቹ ወደ ፍል ውኃው የሚያዘነብሉበት፣ በረዶ መጀመሪያ የሚቀልጥበት ስንጥቅ። ያለ ውሻና ያለ ድምፅ፣ በወጥመድ እንደምትይዛት አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምትወስዳት የአንተ ፈንታ ነው፤ ሰርጡን አሻግረህ ብትለቃትም አላኮርፍም። እኔ ወደ ስንጥቁ መውረድ አልችልም። ሌላ ሰው ብልክ ዳክዬዎቹ ይነሣሉ። ካፖርቱ አንድ ነው፣ ለእኔም እጅጌው ይረዝማል።

ካልመጣህም ይገባኛል። ያን ጊዜ ኢንጊማር ይተኩሳል፣ ሜዳው ባዶ ይሆናል፣ እኔም በመኸር ወደ አልዲስ እሄዳለሁ። ያለ እነሱ እዚህ የምቀመጥበት ምክንያት የለኝም። ይህን የምጽፈው ልብህን ለመጫን አይደለም፤ የሚሆነው ይህ ስለሆነ ነው።

ያን መጽሐፍ ለብዙ ዓመት አልከፈትኩትም ነበር። ባለፈው ክረምት ካቆምንበት ጀምሬ ጨረስኩት። አዲሲቷን ደሴት ባሕሩ ከዳሯ እየበላ ያሳንሳታል ይላል። ጠንካራው ድንጋይ ብቻ ይቀራል፤ ወፎቹም የሚሰፍሩት በዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የስም ማውጫ ብቻ ነው ያለው። ብዙ አላመለጠህም።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያበርታ፤ የምሥራቁን ነፋስ ከቤትህ ያርቅልህ፤ ባሕሩንም በምትሻገርበት ቀን ዝም ያሰኝልህ። ብትመጣ በክሌይፋር በኩል ና፤ መንገዱ ተሠርቷል። ቢመሽብህ ከዚያ ኮረብታ ላይ መስኮቱን ታየዋለህ። ፋኖሱን በዚያው ቦታ አስቀምጬዋለሁ።

ሁልጊዜ በጤና ያቆይህ የምትል፣

የወንድምህ ሚስት